በቀኝ በኩል የመጡ ኳሶች

«ይህችን እይዛታለሁ» አለች በረኛዋ ለራሷ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። የተጋጣሚው ቡድን አምበል ተንደርድራ መታች። በረኛዋ ባላት ኃይል ሁሉ ወደ ቀኟ ተወርውራ በደረቷ ሣሩ ላይ ስትዘረጋ፣ ኳሷ በግራዋ በኩል፣ የገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ተዝናንታ መረቡ ውስጥ ገባች። የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ በዚሁ አለቀ።

ከዚያ በፊት የነበሩት መለያ ምቶችም ያለቁት እንዲሁ ነው። መቺዎቹ ተራ በተራ መጡ፣ ተራ በተራ በግራዋ በኩል መቱ፣ እሷም ተራ በተራ ወደ ቀኟ ወደቀች። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው ይባላል። ሁሉም መቺ ተማክሮ እንደመጣ አንድ ማዕዘን ሲመርጥ ግን ሰው ምን ይበል?

ጓደኞቿ «ጎማ» ይሏታል። አባቷ ጎሚስታ ስለሆኑ ነው የሚሉ አሉ፤ ወድቃ ስትነሳ ስለምትነጥር ነው የሚሉም አሉ። እሷ ሁለቱንም አትጠላም። ኮሌጅ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። ለሴቶቹ ቡድን የተመረጠችው በሁለተኛ በረኛነት ነበር፤ ሁለተኛ በረኛ ማለት ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ወንበር አሙቆ ውሃ ማቀበል ማለት ነው። አንደኛዋ በረኛ ጣቷን ስትሰበር ግን ጓንቱ ለጎማ ደረሰ። ደርሶም አላሳፈራትም ነበር፤ እስከዚች ቀን ድረስ።

ከወደቀችበት ቀና ስትል ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው የመጨረሻዋን ምት ባገባችው አምበል ላይ ነበር። አምበሏ ከጓደኞቿ ጋር አልጨፈረችም። ወደ ተመልካቹ ዞረች፣ ጣቷን ወደ አንድ ሰው ቀስራ ሳቀች። ጎማ ጣቷን ተከትላ አየች። የተቀሰረው በአምበሏ ወንድም ላይ ነው። የአምበሏ ወንድም ደግሞ የጎማ ፍቅረኛ ነው።

እሱም አንገቱን ደፋ።

ምንም ያላጠፋ ሰው አንገቱን ለምን ይደፋል? ጎማ ሣሩ ላይ እንደተቀመጠች ራሷን ይህንኑ ጠየቀች።

ፍቅረኛዋን ሁሉም የሚጠራው «አጥቂው» እያለ ነው፤ የዚያው የነጎማ ኮሌጅ የወንዶች ቡድን አጥቂ ነው። አባቱ ባለ ሕንፃ ናቸው፤ እህቱን ውድ ኮሌጅ ሲያስገቡ እሱ ግን «ኳስ ያለበት ይሻለኛል» ብሎ እዚህ መጣ። ከጎማ ጋር የተዋወቁት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው ትንሽ ሜዳ ላይ ነው። እሷ ብቻዋን ኳስ ከግድግዳ ጋር ስታላትም አይቷት «ግድግዳው ደከመው፣ እኔ ልምታልሽ?» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከትምህርት በፊት እሱ ይመታል፣ እሷ ትይዛለች። ስትይዝ ያጨበጭብላታል። ፍቅራቸው ያደገው በዚያ ጭብጨባ መሃል ነው።

አንድ ቀን ቤቱ ወስዷት ነበር። እናቱ ሻይ አቅርበውላት «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ጎሚስታ ናቸው።»

«ውይ ጥሩ!» አለች እህቱ ካጠገባቸው። «የኛ መኪና ጎማው መተንፈስ ይወዳል። ጥሩ ዘመድ አገኘን!»

እናትየው ሴት ልጃቸውን ገላመጡ፤ ግን ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ነበር። አጥቂው ሻዩን ማማሰል ቀጠለ። ጎማ የዚያን ቀን ብዙ ነገር ረስታለች፣ ያችን ማንኪያ ግን አልረሳቻትም። የሚወዳት ሰው እህቱን «ተይ» ማለት ሲችል፣ ስኳሩ ድሮ የሟሟ ሻይ ሲያማስል ነበር።

ማኅደረ ትዝታዋ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አላት። ከጨዋታው በፊት የነሱ አውቶቡስ ስታዲየሙ በር ላይ ሲቆም ወንድምና እህት አንገት ለአንገት ገጥመው ሲያወሩ አይታለች። እህትየው እየሳቀች ነበር። እሱ አውቶቡሱን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ የክፍል ጓደኛዋ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ይህች ልጅ ሜዳ ላይ ተከላካይ ናት፤ ነገር ላይ ግን አጥቂ ናት።

«እኔ ምንም አላልኩም» ብላ ጀመረች። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ሊል ነው። «ግን ጎሚ፣ ወደ የት እንደምትወድቂ በዚህ ዓለም ላይ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ዝም በይ።»

«ዝም እላለሁ። ደም ግን ደም ነው። እህቱ ናት፣ አንቺ ማን ነሽ?»

ጎማ የታኬታዋን ክር መፍታት አቃታት። ስልኳ በዚያው ቅጽበት ጮኸ፤ ከሱ ነው። «ደህና ነሽ?» ይላል። ደጋግማ አነበበችው። አይዞሽ አላላትም። ያሳዝናል አላላትም። ደህና ነሽ ብሎ የሚጠይቀው እንዳልታወቀበት ማጣራት የሚፈልግ ሰው አይደል? ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከጭቃ ካልሲዋ ጋር ወረወረችው። እንዲህ ያለ መጠርጠር ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የሚወደውን ሰው የጠረጠረ ብቻ ነው።

* * *

በማግስቱ አሰልጣኟ ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ጠራቻት። አሰልጣኟ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ራሷ በረኛ ነበረች፤ ሁለት ጣቶቿ እስከዛሬ አይታጠፉም። ኳስ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ዘረጋችላት። ቪዲዮው የትናንቱ መለያ ምት ነው።

«እግርሽን እይ እንጂ ኳሷን አትይ» አለቻት።

ጎማ አየች። መቺዋ ገና ሳትደርስ፣ ቪዲዮው ውስጥ ያለችው ልጅ የግራ ተረከዟ ይነሳል፣ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በሁሉም። አንድም ጊዜ አልጠበቀችም።

«ቀኝሽ ላይ ጎበዝ ነሽ፣ አልክድም» አለች አሰልጣኟ። «ግራ የሚባል አቅጣጫ መኖሩን ግን የነገረሽ የለም መሰለኝ። እነሱ ደግሞ ያውቁ ነበር።»

«ኮች፣ ማን ነገራቸው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ምናልባት ዓይናቸው ነግሯቸው ይሆናል። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው።» ስልኳን አጠፋች። «አንደኛዋ በረኛ ጣቷ ድኗል። በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ልምምድ ላይ ሁለታችሁንም አስመታባችኋለሁ። የተሻለችው የደረጃ ጨዋታውን ትጫወታለች፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ጓንቱ የሷ ነው። መቺ እስኪመታ በሁለት እግርሽ መቆም ካልቻልሽ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ። ይህን ከሰው ከምትሰሚ ከኔ ስሚው ብዬ ነው።»

ጎማ ከክፍሉ ስትወጣ «ያውቁ ነበር» የሚለውን ብቻ ይዛ ወጣች። ያውቁ ነበር። የቀረውን ምክር ኳሶቹ መሃል ጥላው ሄደች፤ የተጠራጠረ ሰው ጆሮው የሚመርጠውን ያውቃል።

የአጥቂውን ስልክ አላነሳችም። ካፌው ውስጥ ስታየው በኋላ በር ወጣች። እሱ ሲፈልጋት ተመችቷት ነበር፤ ሲፈልጋት ግን ደግሞ «ጥፋተኛ ባይሆን ይህን ያህል ይፈልገኝ ነበር?» አለች። ሳይፈልጋት ቢቀር ደግሞ ምን ልትል እንደነበር አንባቢ አይጠፋውም።

* * *

እሁድ ከሰዓት በኋላ የአባቷ ሱቅ ውስጥ ነበረች። ሱቁ አንድ በር ያለው፣ በጎማ የተከበበ፣ የአየር መሙያው ሲያንኮራፋ የሚውልበት ቤት ነው። አባቷ ጎንበስ ብለው የተበሳ ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቁ እሷ መፈልቀቂያ ብረቱን ይዛላቸዋለች።

አጥቂው በር ላይ ቆመ። በእግሩ ነው የመጣው።

አባቷ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ጎማህ የት አለ?» አሉት።

«ጎማ... ማለቴ፣ መኪና አልያዝኩም፣ ጋሼ። ከሷ ጋር ላወራ ነው።»

አባቷ ልጃቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ የአየር መሙያውን አጠፉት። ላለማዳመጥ የሚፈልግ ሰው እንደሚያበራው እንጂ እንደማያጠፋው ሦስቱም ያውቃሉ።

«ተናገር» አለች ጎማ። ብረቱን አላስቀመጠችም።

«ለምንድነው የምትሸሺኝ?»

«እህትህን ጠይቃት። እሷ ሁሉን ነገር ታውቅ የለ? ወደ የት እንደምወድቅ እንኳ ታውቃለች!»

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «እኔ የነገርኳት መሰለሽ?»

«በር ላይ ስታወሩ አይቻለሁ። ስትስቅ አይቻለሁ። ካገባች በኋላ ጣቷን ቀስራብህ አንገትህን ስትደፋ አይቻለሁ! ዓይኔን ልጠርጥረው?»

«ጠይቃኛለች፣ አልዋሽሽም። "ፍቅረኛህ ወደ የት ትወድቃለች?" አለችኝ። ምላሴ ቢቆረጥ አልነግርሽም አልኳት። ሳቀችና "መንገር አይጠበቅብህም፣ ያለፈውን ጨዋታዋን ሁላችንም አይተነዋል" አለችኝ። ካገባች በኋላም ጣቷን የቀሰረችው ያለችው ስለሆነ ነው። በናቴ እምላለሁ።»

ጎማ ልታምነው ፈለገች። እግዜር ያውቃል፣ በጣም ፈለገች። ዓይኑን ግን አየችው። ዓይኑ ከሷ ላይ ወደ መሬቱ፣ ከመሬቱ ወደ ጎማዎቹ ሄደ። የተገላገለ ሰው ዓይን አይደለም።

«አሁንም አለ» አለች ቀስ ብላ። «የምትደብቀኝ ነገር አለ። አንገትህን የደፋኸው እህትህ ስለሳቀችብህ አይደለም።»

እሱ በሩ ሥር ያለውን ጎማ በእግሩ ገፋ አደረገ።

«ንገረኝ!»

«እሷ አይደለችም ያጠፋችው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን በግራሽ ወድቀሽ ዳሌሽን መትተሽው አልነበር? ስትወድቂበት ፊትሽ ይጨማደዳል፣ ሕመሙን ዋጥ ታደርጊዋለሽ። አንጀቴን በላሽው። ስለዚህ እስኪሻልሽ ብዬ ኳሱን ሁሉ በቀኝሽ በኩል እመታው ጀመር። ስትይዢ ትስቂያለሽ። ያንን ሳቅ... እኔ እንጃ፣ ያንን ሳቅ ለማየት ነበር ከእንቅልፌ የምነሳው። ዳሌሽ ዳነ። እኔ ግን አላቆምኩም።»

«ወደ ግራም ትመታ ነበር እኮ።»

«ወደ ውጭ።»

ያኔ ገባት። በግራ በኩል የሚመታቸው ሁሉ ከቋሚው ውጭ እየወጡ ጥሻ ውስጥ ሲገቡ «በዚህ በኩል እግርህ ወልጋዳ ነው!» እያለች ስትስቅበት፣ እሱም እየሳቀ ኳስ ፍለጋ ጥሻ ውስጥ ሲገባ ታያት። ግጥሚያ ላይ ግን በዚያው በኩል ስንት ጎል ሲያገባ አይታለች። እንዴት አላሰበችውም?

«ስለዚህ የያዝኳቸው...» አለች። ጨርሳ ልትለው አልቻለችም። «የያዝኳቸው ሁሉ አንተ ያስያዝከኝ ናቸው?»

«ሁሉም አይደሉም።»

«የትኛው ነው ያልሆነው? ንገረኝ! አንዷን ጥራልኝ!»

አልጠራላትም።

ብረቱ ከእጇ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። «እህትህ ብትሸጠኝ ይሻለኝ ነበር» አለችው። «እሷ የናቀችኝ ፊት ለፊት ነው። አንተ እያጨበጨብክልኝ ናቅከኝ። አየህ፣ የድሃ ልጅ ናት፣ ትንሽ ደስ ይበላት ብለህ...»

«እንደሱ አይደለም! ስለምወድሽ ነው!»

«ታዲያ ከአሁን በኋላ የምትለኝን ሁሉ እንዴት ልመን? ቆንጆ ነሽ ስትለኝ? እወድሻለሁ ስትለኝ? ይህም በቀኝ በኩል የመጣ ኳስ ቢሆንስ?»

እሱ ዞሮ ወጣ፤ በሩ ላይ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው፣ ግን አልጠራችውም። አባቷ ብረቱን ከመሬት አነሱ።

«ልጁን ልምታልሽ እንዴ?» አሉ፣ እንዲያው ለመናገር ያህል።

«እሱ ራሱ በእውነት ቢመታ ኖሮ ምን ነበረበት፣ አባዬ» አለችና እጃቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የማሽን ዘይት የሚሸተው እጅ ራሷን ደባበሳት።

* * *

በማግስቱ ጠዋት አጥቂው ትንሹ ሜዳ ላይ ነበር። ትመጣለች ብሎ አይደለም፤ ሌላ የሚሄድበት ቦታ ስላልነበረው ነው። ጎማ ጓንቷን አጥልቃ መጣች። ሰላም አላለችውም። መስመሩ ላይ ቆመች።

«ምታ» አለችው። «የማታውቀኝ ሴት እንደሆንኩ አድርገህ ምታ። አንዷን እንኳ አውቀህ ብታስይዘኝ፣ አንተና እኔ እዚህ ሜዳ ላይ እንለያያለን።»

መታ። በግራ ገባ። እሷ ቀኝ ላይ ተዘርግታ ነበር።

ደግሞ መታ። በግራ። አካሏ አልታዘዝ አላት፤ አእምሮዋ «ቁሚ» እያላት እግሯ ድሮ ሄዷል። መታ። ቀኝ ላይ አስመስሎ ግራ አገባ። አሁን ምሕረት የሌለው ሰው ነበር፣ ወይም እንደዚያ ይመስላል። ጎማ ይህችን «ይመስላል» ነበር የምትፈራት። ከእያንዳንዷ ምት በኋላ ፊቱን ትመረምረዋለች።

አንዷ ለስለስ ብላ መሃል ላይ መጣች። ጎማ አልነካቻትም፣ ቆማ እንድታልፍ ተወቻት።

«ይህችን ደግመህ ምታት» አለችው ጥርሷን ነክሳ።

«እግሬ ተንሸራቶ ነው!»

«ደግመህ ምታት አልኩህ!»

ደገማት። ገባች። ጉልበቷ ተልጦ ደም ወጣው፣ ማሊያዋ ጭቃ ሆነ። እሱ «ይብቃን» ሲል እሷ «ምታ» ትለዋለች። እየቆየ ግን ተረከዟ መሬት መያዝ ጀመረ። አንዷን ቆማ ጠበቀች፤ ዘግይታ ዘለለች፣ አልደረሰችባትም፣ ግን ወደ ትክክለኛው ወገን ነበር የዘለለችው። ቀጣይዋን በጣቷ ጫፍ ነካቻት፣ ገባች። አውቆ ነው ያቀረበልኝ? ፊቱን አየች። ምንም አይነበብበትም።

ከዚያ ወደ ኋላ ረዘም አድርጎ ሄደ። ተንደረደረ። ጎማ ቆመች፤ ትከሻው ዞረ፣ አሁንም ቆመች፤ እግሩ ኳሷን ሲነካ ብቻ ተወረወረች። በግራ። ኳሷ ወደ ላይኛው ጥግ ስትበር የጎማ እጅ መሃል ገባ። ከጓንቷ ወደ ቋሚው፣ ከቋሚው ወደ ውጭ።

እንደወደቀች አልቆየችም፣ አንገቷን ቀልብሳ ፊቱን ፈለገች። ማጨብጨብ ከጀመረ ሁሉም ነገር አልቋል።

አላጨበጨበም። ሣሩን ረግጦ አፈር አስነስቶ ነበር።

«እንዴት ነው የምትያዘው እሷ!» አለ እየጮኸ። «ጥግ ላይ ነው እኮ የመታኋት! እንደሷ አድርጌ መትቼ የሳትኩበትን ቀን አላውቅም!»

«ተናደድክ?» አለችው ከመሬት።

«ዝም በይ አንቺ! ኳሷን አምጪያት!»

ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ግንባሩ ላይ ደም ሥሩ ተገትሯል። እሷን ጭራሽ ፍቅረኛው መሆኗን የረሳ ይመስላል፤ ያችን ኳስ የነጠቀችው አንዲት ጨካኝ በረኛ ብቻ ናት። ጎማ ያንን ፊት እያየች ሳቅ መጣባት። ሳቁ ሳያልቅ እንባ ሆነ። ጓንቷን ፊቷ ላይ ጫነችው።

ሮጦ መጣ። «አመመሽ? ዳሌሽ ነው?»

«አላመመኝም። እንዳትነካኝ።» ማሊያውን ጨምድዳ ያዘችው። «በእውነት ነው የተናደድከው?»

«በእውነት! እስካሁን ሆዴ እየተቃጠለ ነው!»

«ተመለስና ምታ» አለችው።

እያጉረመረመ ተመለሰ። ኳሷን ነጥቡ ላይ ሁለት ጊዜ አዟዙሮ አስቀመጠ፣ አሁንም የራሱን እግር ይሳደባል። አርብ አሰልጣኟ ማንን እንደምትመርጥ ጎማ አታውቅም ነበር። መስመሩ ላይ ቆማ እንባዋን በጭቃ ጓንቷ ጠረገች፤ ከርቀት የሚያጉረመርመውን ሰው አየችው፤ ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነችው።